ወላጆችን ይዞ በስኔክና በኮሎምቢያ ወንዞች በመርከብ መውረድ፦ ከትኬት እስከ አስቶሪያ

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት ሲያትል ወይም ፖርትላንድ የሚመጡ ወላጆች ብዙዎቹ ወራት ተቀምጠው የሚያዩት ሳሎኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የገበያ አዳራሹን ነው። ረጅም መንገድ መኪና ውስጥ መቀመጥ ያደክማቸዋል፤ በየቀኑ ሆቴል መቀያየር ያሰለቻቸዋል። ለእነሱ የሚስማማ ጉዞ ከከተሞቹ ብዙም ሳይርቅ አለ። በዋሽንግተን ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ በአይዳሆ ድንበር ላይ ካለችው ክላርክስተን ተነሥቶ በስኔክ ወንዝ መውረድ፣ ፓስኮ አጠገብ ኮሎምቢያን መቀላቀል፣ በፖርትላንድ በኩል አልፎ አስቶሪያ ላይ ከሰላማዊ ውቅያኖስ አፍ መድረስ ነው። መንገዱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል። ሻንጣ አንዴ ይፈታል፣ አልጋው አይቀየርም፣ አገሩ ራሱ በመስኮት እየመጣ ያልፋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ሰፊ ካቢን ላይ ያፈስና ዳርቻው ላይ ምን እንዳለ ሳያውቅ ያልፋል። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው፤ ካቢኑ ይጥበብ፣ ዝግጅቱ ይስፋ። ይህ ወንዝ የአሜሪካ ምዕራብ ታሪክ የተሠራበት ነው፤ ከታሪኩ ግማሹ ደግሞ ዛሬ ውኃ ሥር ስለሆነ የሚነግራቸው ሰው ካላገኙ ወላጆቻችሁ አያዩትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ወሩን ከጾሙ ጋር አስማሙ

መርከቦቹ የሚሠሩት በአብዛኛው ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ከዚህ ውስጥ ለእኛ ሰው የሚመቹት ሁለት ጊዜያት ናቸው።

አንደኛው ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ወላጆች የቀረበላቸውን ሳይጨነቁ ይበላሉ። ብዙውን ጊዜ ሜይ ላይ ይውላል፤ ሜይ ደግሞ የተራራው በረዶ የሚቀልጥበት፣ ፏፏቴዎቹ ሞልተው የሚወርዱበት፣ ኮረብታው በአበባ የሚሸፈንበት ወር ነው። ሁለተኛው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ወይኑ የሚለቀመው ያኔ ነው፤ ትልቁ የሳልሞን ዓሣ ጉዞም በሴፕቴምበር ነው። በዚህ ጊዜ ማሰብ ያለባችሁ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው። ጽጌን የሚጾሙ ወላጆች ካሏችሁ ግን ጉዞው ከመስከረም 26 በፊት እንዲያልቅ አድርጉ። መስቀልን ደመራው ዘንድ ካልሆንኩ የሚሉ እናትም አይጠፉምና ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ኤፕሪል ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይጋጫል። ኦገስት ፍልሰታ አለበት፤ በዚያ ላይ ከካስኬድ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ያለው አገር በበጋው ይነዳል፣ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። የደም ግፊት ላለበት ሰው ጁላይንና ኦገስትን አልመክርም።

ደረጃ 2፦ ቁልቁል የሚወርደውን ጉዞ ምረጡ

ኩባንያዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይሸጣሉ፤ ከፖርትላንድ ሽቅብ ወይም ከክላርክስተን ቁልቁል። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ቁልቁሉን ውሰዱ። የአሜሪካ መንግሥት ምዕራቡን እንዲያስሱ የላካቸው ሉዊስና ክላርክ በ1805 የሄዱት በዚህ መንገድ ስለሆነ ታሪኩ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ይሄዳል። ተፈጥሮውም እንደዚያው ነው፤ ዛፍ ከማይታይበት ቡናማ ገደል ተነሥታችሁ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጭጋግ ያረገዘ ጥቁር ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ከአስቶሪያ በኋላ መርከቡ ተመልሶ የሚያወርዳችሁ ፖርትላንድ መሆኑም ለመመለሻ በረራ ይመቻል፤ የአበሻ ምግብ ቤትም በከተማው ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ስታስይዙ እነዚህን ጠይቁ

ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው፣ ያውም ለአንድ ሰው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በውስጡ ምን እንዳለ አንድ በአንድ አጣሩ። የየብስ ሽርሽሮቹ ተካተዋል ወይ? የሠራተኞች ጉርሻስ? ከመነሣቱ በፊት ያለው የሆቴል አዳር? መርከቡ ሊፍት አለው ወይ፣ የሚደርሰውስ እስከ ስንተኛው ፎቅ ነው? ጉልበት ለሚያማቸው ወላጆች ከሊፍቱና ከመመገቢያው አዳራሽ ቅርብ የሆነ ካቢን ከባለ በረንዳው ካቢን ይበልጣል። እይታው ላይኛው ፎቅ ላይ ለሁሉም እኩል ነው።

ቪዛ አያስጨንቃችሁ። ጉዞው በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በአይዳሆ ግዛቶች ውስጥ ስለሆነ ከአሜሪካ መውጣት የለም፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ያላቸው ወላጆችም ይሄዳሉ። ፓስፖርታቸው ግን ከእጃቸው አይለይ።

በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ የጉዞ ኢንሹራንስም ግዙ። በ2024 መጀመሪያ በዚህ ወንዝ ላይ መርከብ የነበረው አንድ ታዋቂ ኩባንያ ሥራውን አቁሟል። የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ለብቻው ነው፤ በጉብኝት ለመጡ ወላጆች የሚሸጠውን ዓይነት ከሌላቸው አሁን ግዙላቸው። እነዚህ ትንንሽ መርከቦች ናቸው፣ የሚይዙት ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሰው ገደማ ነው፤ ሐኪም በመርከቡ ላይ እንዲኖር አትጠብቁ። የመድኃኒቱን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ስለ ምግብና ስለ ቡና አስቀድማችሁ ንገሩ

መርከብ ላይ ከወጡ በኋላ መንገር ዘግይቷል፤ ወጥ ቤቱ የሳምንቱን ሸቀጥ አስቀድሞ ነው የሚጭነው። ስታስይዙ በጽሑፍ አሳውቁ። ለጾም ቀን «ቪጋን» ማለት በቂ ነው፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አንድ ላይ የሚቀሩት በዚህ ቃል ነው። «ቬጂቴሪያን» ካላችሁ አይብ ይመጣል። የአሳማ ሥጋ የማይበሉ መሆናቸውንም ጨምሩ፤ ሾርባና ሰላጣ ውስጥ ሳይቀር ቤከን ይገባል። ዓሣን በጾም የሚበሉና የማይበሉ ስላሉ ለወላጆቻችሁ የሚሆነውን ራሳቸው ይወስኑ፤ ሳልሞን ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ይቀርባል።

በርበሬና ሚጥሚጣ በትንሽ በታሸገ ዕቃ ያዙ፤ የመርከብ ምግብ ለእኛ አፍ አልጫ ነው። ጀበናው ይቅር። ካቢን ውስጥ ምድጃም ሆነ ዕጣን ማጨስ ክልክል ነው፤ የጭስ መቆጣጠሪያው ወዲያው ይጮኻል። የተፈጨ ቡና ይዛችሁ ሂዱና ፈላ ውኃ ከመመገቢያው አዳራሽ ውሰዱ። ለእናት እንደ ቤታቸው ባይሆንም ጠዋት ላይ ከበረንዳው ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጠጡት የራሳቸው ቡና ነው።

ደረጃ 5፦ ሻንጣ

በአንድ ሳምንት ሁለት የአየር ጠባይ ይገጥማችኋል። ለምሥራቁ ባርኔጣና ስስ ልብስ፣ ለምዕራቡ የዝናብ ጃኬት። ሁድ ሪቨር ከተማ አካባቢ ያለው ነፋስ የዓለም የነፋስ ሰርፍ ተወዳዳሪዎችን የሚስብ ዓይነት ስለሆነ ነጠላ ብቻውን አይችለውም፤ ጋቢ ያዙ። የማያንሸራትት ጫማና አጉልቶ የሚያሳይ መነጽርም አይቅሩ።

ደረጃ 6፦ ክላርክስተን አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ

ከሲያትል በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ወንዙ ማዶ ያለችው ሉዊስተን ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ አለዚያ ስፖኬን ወርዳችሁ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና።

ከተማዋ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ናት፤ ክሊርወተር ከምሥራቅ መጥቶ ስኔክን ይቀላቀላል። በኦክቶበር 1805 ሉዊስና ክላርክ እዚህ የደረሱት በእሳት በተፈለፈሉ አምስት የእንጨት ታንኳዎች ነበር። ታንኳ አሠራሩን ያሳያቸውና ተርበው ከተራራ ሲወርዱ የደረቀ ሳልሞንና ካማስ የሚባል ተክል ሥር ያበላቸው የኔዝ ፐርስ ሕዝብ ነው፤ ራሳቸውን ኒሚፑ ይላሉ። ፈረሶቻቸውንም አደራ ተቀብለው በሚቀጥለው ዓመት መልሰውላቸዋል። ሰባ ዓመት አለፍ ብሎ ምን እንደደረሰባቸው ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው። በ1863 በተጻፈ ውል ከርስታቸው አብዛኛው ተወሰደ፤ በ1877 አለቃ ጆሴፍና ሌሎች መሪዎች ሕዝባቸውን ይዘው፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ እየተዋጉ ሸሹ። ካናዳ ሊገቡ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ሞንታና ላይ ተያዙ። ርስትና ስደት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አበሻ ይህን ታሪክ ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም።

እዚህ የሚደረገው ዋናው ነገር በፈጣን ጀልባ ወደ ሄልስ ካንየን መግባት ነው። ከጫፍ እስከ ወንዙ 2,400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በሰሜን አሜሪካ ከወንዝ ሸለቆዎች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው፣ ከግራንድ ካንየንም ይበልጣል። የግማሽ ቀኑን ውሰዱ፣ የሙሉ ቀኑ ለአዛውንት ይበዛል። ጀልባው ይዘላል፤ የወገብ ሕመም ያለባቸው ከኋላ ይቀመጡ። ሹፌሩ ቡፋሎ ኤዲ የሚባለው ቦታ ላይ እንዲቆም ጠይቁት። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ የጥንት ሰዎች የቀረጿቸው ሥዕሎች አሉ።

ደረጃ 7፦ ግድቦቹን በቀን ለማለፍ ሰዓቱን ያዙ

ከክላርክስተን እስከ ፖርትላንድ ስምንት ግድቦች አሉ፤ አራቱ በስኔክ፣ አራቱ በኮሎምቢያ ላይ። መርከቡ እያንዳንዱን የሚያልፈው ሎክ በሚባል ረጅም የኮንክሪት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው። በሩ ከኋላ ይዘጋል፣ ውኃው ይለቀቃል፣ መርከቡ ከነሰዎቹ ቀስ እያለ ይወርዳል። ፓምፕ የሚባል ነገር የለም፤ ውኃው በራሱ ክብደት ነው የሚገባውና የሚወጣው። በስምንቱ ደረጃ ክላርክስተን ካለችበት 225 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠለል አካባቢ ትወርዳላችሁ።

ከፊሎቹን መርከቡ በሌሊት ስለሚያልፋቸው የመጀመሪያውን ምሽት መኮንኑን ወይም የጉዞ አስጎብኚውን ጠይቃችሁ የቀኖቹን ሰዓት ጻፉ። በተለይ ጆን ዴይ የሚባለው ግድብ እንዳያመልጣችሁ፤ በአንዴ 33 ሜትር ያህል ያወርዳል። ከፊት ጫፍ ሳይሆን ከመካከለኛው ፎቅ ጎን ቁሙ። ግድግዳው ከእጃችሁ ክንድ ያህል ቢርቅ ነው፤ አረንጓዴ ሽበት የለበሰው ኮንክሪት ውኃ እያንጠባጠበ ሽቅብ ሲሄድ ይታያል፣ ሽታው እንደ ጉድጓድ ነው። መርከቡ የታሰረበት ብረት በግድግዳው ውስጥ አብሮ ስለሚንሸራተት ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ሰማዩ እየጠበበ ሄዶ ጨለም ሲል ከፊት ያለው በር በሁለት ተከፍሎ ሳይሆን ሽቅብ ተነሥቶ ይከፈታል። መርከቡ ከሥሩ ሲያልፍ የቀረው ውኃ እላይ ያሉት ሰዎች ራስ ላይ ይንጠባጠባል፤ የዝናብ ጃኬቱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ የወይኑን ቀን በልክ አድርጉት

ስኔክ ኮሎምቢያን የሚቀላቀለው ፓስኮ፣ ኬነዊክና ሪችላንድ በሚባሉት ከተሞች አጠገብ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ዋላ ዋላ ትደርሳላችሁ። ዋሽንግተን በወይን ጠጅ ምርት ከካሊፎርኒያ ቀጥሎ በአገሪቱ ሁለተኛ ናት፤ ይህ ሁሉ ወይን የሚበቅለው ደግሞ ዝናብ በሌለበት ነው። የካስኬድ ተራሮች ከውቅያኖስ የሚመጣውን ደመና ስለሚያስቀሩት ከማዶ ያለው አገር ምድረ በዳ ቀረሽ ነው። ገበሬው ውኃውን ከወንዝና ከጉድጓድ ስቦ በልኩ ይሰጣል። ቀኑ በበጋ ረጅም ስለሆነ ፍሬው ስኳር ይይዛል፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ኮምጣጣነቱ አይጠፋም። በኦሪገን በኩል ሚልተን ፍሪዎተር አጠገብ የወይኑ እግር የቆመው በአፈር ሳይሆን በቡጢ በሚያህል ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ በከሰዓት ብትነኩት ያቃጥላል። ሲራ የሚባለው ወይን በዚህ ድንጋይ ላይ ሲበቅል ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ያመጣል።

በዋላ ዋላ የመጀመሪያው የንግድ ወይን ጠማቂ ሊዮኔቲ በ1977 ተከፈተ፤ ዛሬ በሸለቆው ከመቶ በላይ አሉ። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ምረጡ። ሲቀምሱ ከነጩ ጀምረው ወደ ቀዩ ይሂዱ። በአገር ቤት ጉደር የለመዱ አባት ሜርሎ ወይም ካበርኔ ሶቪኞን ይስጧቸው፤ አክሱማይት የሚወዱ እናት ደግሞ ጣፈጥ የሚለውን ሪስሊንግ ይጠይቁ። ደረቁን ቀይ መጀመሪያ ካቀመሷቸው ፊታቸውን አጨፍግገው ቀኑን ሙሉ ሁለተኛ አይነኩም። የቀረበው ሁሉ አይጠጣም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ማሰሮ የተረፈውን ለመድፋት ነው፤ መድፋት ነውር የለውም፣ አስተናጋጁም አይከፋውም። ለትልቅ ሰው የቀረበ መጠጥ አስተርፎ መተው ስለሚከብዳቸው ይህን አስቀድማችሁ አስረዷቸው። በየመሃሉ ውኃና ዳቦ ያስፈልጋል፤ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ከጉዞው በፊት ጠይቁ።

በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ የሚነዳው ሰው አይቅመስ። በሁለቱም ግዛቶች ጠጥቶ መንዳት ወንጀል ነው፤ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ጣጣው እስከ ኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊደርስ ይችላል።

አልኮል የማይነኩ ወላጆች በዚያን ቀን ሌላ ቦታ ይሂዱ። ፔንድልተን ከተማ አጠገብ ያለው ታማስትስሊክት የካዩስ፣ የኡማቲላና የዋላ ዋላ ሕዝቦች ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት ሙዚየም ነው። እኔ ወይን ከሚጠጡትም ወገን ሆኜ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ደረጃ 9፦ ከጆን ዴይ በኋላ ከወንበር ተነሡ

የጉዞው ልብ ይህ ቁራጭ ሆኖ ሳለ ብዙ ተጓዥ ምሳ እየበላ ያልፈዋል። ጆን ዴይን እንዳለፋችሁ በስተቀኝ ኮረብታው ላይ ክብ ሠርተው የቆሙ ግራጫ ምሰሶዎች ይታያሉ። ሳም ሂል የተባለ ነጋዴ የእንግሊዙን ስቶንሄንጅ አስመስሎ በኮንክሪት ያሠራው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የአካባቢው ወጣቶች መታሰቢያ ነው፤ በ1929 ተጠናቀቀ።

ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ወንዙ ሐይቅ መስሎ ጸጥ ሲል፣ ያኔ ወደ ግራ እዩ፤ ሰሊሎ ነው። እዚህ የወንዙ ሁሉ ውኃ በድንጋይ መካከል ተጨምቆ የሚወድቅበት ፏፏቴ ነበር። በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሕዝቡ ከገደሉ ላይ በተወጠሩ የእንጨት መቆሚያዎች ሆኖ ሳልሞን በመረብ ሲያወጣ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣውም ሰው ሲገበያይበት ኖሯል። ማርች 10 ቀን 1957 የዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉና በሰዓታት ውስጥ ተዋጠ። ድንጋዩ ዛሬም ሳይፈርስ ከሥር እንዳለ በ2008 በተደረገ የድምፅ ሞገድ ቅኝት ታይቷል። ጢስ ዓባይ ውኃው ወደ ማመንጫው ሲዞር እንዴት እንደሚቀጥን ያዩ ወላጆች ይህን በቶሎ ይረዱታል፤ ልዩነቱ ሰሊሎ ከነጭራሹ አለመመለሱ ነው። የሕዝቡ ዘሮች ግን አልሄዱም፤ በ1855ቱ ውል የቆየላቸውን የማጥመድ መብት ይዘው ዛሬም በዳርቻው የእንጨት መቆሚያ ይሠራሉ።

ደረጃ 10፦ ቦንቪልና ፏፏቴው

በ1938 ሥራ የጀመረው የቦንቪል ግድብ ከስምንቱ መጀመሪያ የተሠራው ነው። ወርዳችሁ ዓሣዎቹ ግድቡን የሚወጡበትን ደረጃ ከመስታወት በስተጀርባ እዩ። ሳልሞኑ ከሞገዱ ጋር እየታገለ ፊታችሁ ይቆማል፤ ላምፕሬ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ደግሞ በክብ አፉ መስታወቱን መጥቶ ይጣበቅበታል፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከመስኮቱ ጎን በየቀኑ ያለፉት ዓሣዎች ቁጥር ተጽፎ ይለጠፋል።

መልትኖማ ፏፏቴ ከዚያ ቅርብ ነው፤ 189 ሜትር። ታችኛው መመልከቻ ድረስ መንገዱ የተነጠፈ ስለሆነ ዊልቸር ይገባል። ወደ ድልድዩ የሚወጣው ግን ዳገት ነውና ጉልበት ለሚያማቸው ይቅር።

ደረጃ 11፦ አስቶሪያ

መርሐ ግብሩ አስቶሪያን ካላካተተ ሌላ መርሐ ግብር ፈልጉ። ጉዞው ውቅያኖሱን ሳያይ ማለቅ የለበትም። ሉዊስና ክላርክ የ1805ን ክረምት ያሳለፉበት ፎርት ክላትሶፕ እዚህ ነው፤ ዛሬ የቆመው እንደ ጥንቱ ተደርጎ የተሠራ ነው። በተቀመጡባቸው 106 ቀናት ዝናብ ያልጣለባቸው 12 ብቻ ነበሩ።

ከወንዙ ማዶ በዋሽንግተን በኩል፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1805፣ የት እንክረም ብለው ሲመክሩ የእያንዳንዱ ሰው ሐሳብ ተጠየቀና ተጻፈ። ከተጠየቁት መካከል የክላርክ ባሪያ የነበረው ጥቁሩ ዮርክና የሾሾኒዋ ሴት ሳካጋዊያ ነበሩ። ዮርክ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ከተመለሰ በኋላም ነጻነቱን ወዲያው አላገኘም። ኦሪገን ራሷ በ1857 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጥቁሮች መጥተው እንዳይኖሩ ከልክላ ነበር፤ አንቀጹ የተሰረዘው በ1926 ነው። ዛሬ ልጆቻችን በፖርትላንድ የሚማሩ ስለሆነ አያቶቻቸው ይህንን ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የአስቶሪያ ግንብ 164 ደረጃ አለው። አዛውንቶቹ ከግርጌው ቢቀሩም ውቅያኖሱን፣ ወንዙንና ረጅሙን ድልድይ ከዚያው ያያሉ።

ለሳምንቱ ገንዘብ ካልደረሰ

ከፖርትላንድ 45 ደቂቃ ያህል በሚያስነዳው ካስኬድ ሎክስ፣ ከኋላው በትልቅ መዘውር የሚገፋ የቱሪስት መርከብ በሞቃቱ ወራት ይሠራል፤ የአንድና የሁለት ሰዓት ጉዞ አለው። ከእሱ ስትወርዱ «የአማልክት ድልድይ» ከሚባለው ሥር የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ትኩስ ሳልሞን ይሸጣሉ፤ ማቀዝቀዣ ሳጥንና ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ በ84 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ብትነዱ ሰሊሎና ስቶንሄንጁ በአንድ ቀን ይደረስባቸዋል፤ ዋላ ዋላ ግን አንድ አዳር ይፈልጋል። መልትኖማ በበጋ በመኪና ለሚመጣ ሰው በሰዓት የተወሰነ ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ በኢንተርኔት አጣሩ።